ቡና ጠጥቼ ፊርማ የረሳሁት ኢንቨስተር

በስተርጅና ኢንቨስተር ሆንኩላችሁ። ማዕረጉን የሰጠኝ ደላላው ነው። «ፋዘር፣ እርስዎ'ኮ ኢንቨስተር ነዎት!» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመንግሥት ሥራ ሠርቼ እንዲህ ያለ ሹመት አይቼ አላውቅም፤ ደረቴን ነፋሁ። ልጄ ከዋሽንግተን የላከችውንና እኔ የቋጠርኩትን ደምሬ ኮተቤ አካባቢ አንዲት ቤት ገዝቼ ላከራይ ተነሣሁ።

የጎረቤቴ ልጅ ጠበቃ ናት። «አባባ፣ ከመፈረምዎ በፊት ወረቀቱን ልየው» አለችና ክፍያዋን ነገረችኝ። ለማንበብ ገንዘብ! እኔ ዳዊት ስደግም ኖሬ ማን ሳንቲም ሰጥቶኝ ያውቃል? ለደላላው ግን ኮሚሽኑን ሳልከራከር ቆጠርኩለት። እሱ ይስቃል፣ ይመርቃል። ጠበቃ ምን ያደርጋል? ይጠይቃል። ካርታው በማን ስም ነው? ባንክ ይዞታል? ክፍለ ከተማው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ነው ብሏል? ሻጩ ሚስት አለው? በእኛ ጊዜ እንዲህ የሚመረምር የሙሽራዋ አባት ብቻ ነበር።

ሰልፉን ፈርቼ ውልና ማስረጃ መሄዱን ተውኩት። በሻጩ ሳሎን ተቀምጠን፣ በሦስት ምስክር፣ የመንደር ውል ተፈራረምን። ሚስቱ ቡና አፈላች። ከአቦል እስከ በረካ አጠገባችን ቁጭ ብላ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ስኒዋን ተቀበልናት፤ ፊርማዋን ማን አስታወሰ?

በአምስተኛው ወር መጥሪያ መጣ። «ባሌ ሲሸጥ አልተስማማሁም» ትላለች። ወደ ጎረቤቴ ልጅ ሮጥኩ፤ ሩጫ ካሉት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የጋራ ቤት ያለ ባልና ሚስት ስምምነት አይሸጥም ይላል አለችኝ። ያልተስማማው ወገንም ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ ይፍረስልኝ ማለት ይችላል። ሴትየዋ በአምስተኛው መጣች! ለካ ስኒ ስትቆጥር ቀንም ትቆጥር ኖሯል።

በዚህ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይደረግ ይላል። የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ያኔ የጨርቅ ኳስ አሳድድ ነበር። ከስድሳ ዓመት በላይ አንድ ከተማ አብረን ስንኖር አንድ ቀን ሰላም አልተባባልንም።

ለአንድ ቀን ንባብ የነፈግኳትን ገንዘብ አሁን ለመከላከያ መልስ፣ ለክርክር፣ ለቀጠሮ እጥፍ ድርብ አድርጌ እከፍላለሁ። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ «ነግሬዎት ነበር» ብላ አታውቅም። ብትለኝ በተሻለኝ፤ ቢያንስ እሷን እቆጣ ነበር።

ደላላው ስልክ አያነሣም። ቀጠሮዬ ጥር 14 ነው። ቡናው ግን፣ ዳኛው ቢጠይቁኝም አልክድም፣ ጥሩ ነበር።