ሊነሣ የተቀመጠ፦ የከሰላ የወንዝ ዳር መዝናኛ መጠነኛ ጥናት

የወንዝ ዳር ከተማ ለመባል የመጀመሪያው መስፈርት ወንዝ ነው። በዚህ መስፈርት የምሥራቅ ሱዳኗ ገዳሪፍ ገና ከበሩ ትወድቃለች። በማሽላና በሰሊጥ የታወቀችው ከተማ ለብዙ ዘመን የጠጣችው በበርሜል ተሞልቶ፣ በአህያ ጋሪ ተጭኖ በየሰፈሩ የሚዞር ውሃ ነው፤ የጋሪ ዳር መናፈሻ ደግሞ እስካሁን የሠራ ማዘጋጃ ቤት የለም። ስለዚህ ገዳሪፎች አየር መቀየር ሲያምራቸው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ከሰላ ይገባሉ።

የከሰላ ወንዝ ጋሽ ናቸው። ከኤርትራ ደጋ መረብ ተብለው ይነሣሉ፣ መንገዳቸውን በከፊል ኤርትራንና ኢትዮጵያን እያዋሰኑ ይመጣሉ፣ በሐምሌ ገደማ ከሰላ ደርሰው በመስከረም ይሰናበታሉ። ከከተማው በስተሰሜን አሸዋ ውስጥ ገብተው ይቀራሉ፤ እስከ አትባራ ወንዝ መውረድን ክብራቸው እምብዛም አይፈቅድም። ቀሪውን ዘጠኝ ወር ከሰላ ዳር አላት፣ ወንዝ የላትም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2003 ተቆጥተው መጥተው በሺዎች የሚቆጠር ቤት ስላፈረሱ፣ ቀሩ ብሎ በይፋ የሚያማቸው አይገኝም።

በከተማዋ ከቤት ውጭ የሚደረጉ እንቅስቃሴዎች አራት ናቸው። ዋና ውሃ ሲኖር የሚያሰጥም፣ ውሃ ሲጠፋ የማይሞከር በመሆኑ እናልፈዋለን። ኳስ በደረቁ አሸዋ ላይ ይጫወታሉ፤ ሜዳውን ጋሽ በየክረምቱ መጥተው ይረከባሉ። ተራራ መውጣት ሦስተኛው ነው። የታካ ራሰ በራ ቋጥኞች ከከተማው ጫፍ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ሕዝቡም ከግርጌያቸው ቶቲል ድረስ ይመጣል፣ ቀና ብሎ ያያቸዋል፣ ቡና ያዛል። አራተኛው መቀመጥ ነው። ጥናቱ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ምንጣፍ ላይ የሚቀመጠው ቤተሰብ ነው፤ ድስት ይዞ መጥቷል፣ ጉዳዩ ግልጽ ነው። የፕላስቲክ ወንበር የያዘው ስልኩን ያያል። በንበር ላይ ያለው ግን ብዙ ያነጋግራል። በንበር በገመድ የተጠለፈች ዝቅተኛ ዱካ ናት፤ ጉልበትን ከአገጭ ታስተዋውቃለች። ፊት ለፊቷ ጀበና፣ በጀበናው ውስጥ ዝንጅብል የበዛበት ቡና አለ።

ከበንበር ተቀማጮች መካከል ለተመራማሪ እጅግ አስቸጋሪው «ሊነሣ» የሚባለው ዘር ነው። ምልክቱ ሁለት መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ «ያላ!» ማለቱ ነው። «ያላ» ብሎ ተነሥቶ የሄደ ግን አልታየም። ጓደኞቹ «ለሳ በድሪ» ይሉታል፣ ገና ነው። በአሥር ሰዓት ገና ነው፤ ከምሽቱ አራት ሰዓትም ገና ነው። መዳፉ ሳይነቃነቅ የዕለቱን ረጅሙን ወሬ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው፦ የሰሊጥ ዋጋ፣ የመተማ ኬላ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ሊከፈት ነው።

ዘሩ ሁለት ቅርንጫፍ አለው። ጫማውን ያጠለቀ ሊነሣ ቀላሉ ነው፤ መልሶ ያወልቃል። ቆሞ የተመለሰ ሊነሣ ግን የሚመለሰው ሒሳብ ላይ ነው። ሐበሻው «በሞቴ፣ እኔ ልክፈል» ሲል ሱዳናዊው በፍቺ ይምላል፤ እኔ ካልከፈልኩ ሚስቴ ትፈታ ማለቱ ነው። አንዱ ነፍሱን፣ ሌላው ትዳሩን ለሁለት ፊንጃል ቡና ያስይዛል። ያላገባው ጎረምሳም በዚሁ ይምላል፣ መሐላውም ይከበርለታል። ክርክሩ አድካሚ ስለሆነ ሁለቱም ይቀመጣሉ፤ ሌላ ጀበና ይመጣል። የቶቲልን ምንጭ የቀመሰ ሰው ወደ ከሰላ መመለሱ አይቀርም ይባላል። ነገሩን በሊነሣ ላይ ለመፈተን አልተቻለም፤ መጀመሪያ መሄድ አለበት።

እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ ጦርነቱን ሸሽተው ከካርቱም የመጡ ሰዎች እዚሁ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። እነሱም ሊመለሱ ነው፤ መዳፋቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። በየትኛው ቅርንጫፍ ልጽፋቸው ብዬ ጥቂት አሰብኩና ደብተሩን ዘጋሁ።

ለነገሩ ቡና አፍይዋ የራሷ ምደባ አላት፦ የከፈለና ያልከፈለ። እኔ የማዘወትራት የአርማጭሆ ልጅ ናት፣ ዓይኗ አይስትም። እሳቷን አጥፍታ ፊንጃሏን ስታጥብ ግን ከሁለቱም ወገን የምትፈልገው በንበሯን ነው። «ወንድሜ፣ ተነሣ እንጂ፣ ልሂድበት» ትለዋለች።

«ለሳ በድሪ» ይላታል ሊነሣ።