ጉዳዩ፦ የተንጠለጠለ ልብ ስለማስመለስ

ለቡክ ኢንዱስትሪ ስተዲ ግሩፕ
የመጻሕፍት ምድብ ኮድ ኮሚቴ
ኒው ዮርክ

ክቡራትና ክቡራን የኮሚቴው አባላት፣

ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ተያይተን አናውቅም፤ ግን በእኛ አገር ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲህ ነው። ናፍቆት የሌለበት ደብዳቤ ከግብር መሥሪያ ቤት የመጣ ይመስላል።

የምጽፍላችሁ ከሚኒያፖሊስ ነው። ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ እሠራለሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚገባ መኪና ስለሌለ፣ ማሞቂያዋን እግሬ ሥር አስጠግቼ አነባለሁ። ባለፈው የብርድ ወራት፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መጽሐፍ መደብር ሙቀት ፍለጋ ገብቼ በጠረጴዛዎቹ መሐል ስዞር፣ «ትሪለር» የሚል ካርቶን ከቆመበት ጠረጴዛ ላይ የማውቀው ሰው አገኘሁ። በግራው ቢላ የተሳለበት መጽሐፍ፤ በቀኙ ጀርባውን ሰጥቶ ጭጋግ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ያለበት መጽሐፍ (ይህ ሰውዬ አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ በየሽፋኑ ላይ ሲሮጥ አየዋለሁ፤ እስካሁን አልደረሰም)፤ በመሐላቸው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»፣ በእንግሊዝኛ።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። መጽሐፉ በአማርኛ የታተመው በ1975 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዝኛ ለብሶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2025። እሱም እንደ እኛው ቪዛ ጠብቆ ነው፤ ያውም አርባ ዓመት አልፎት። ደስታዬ ሲበርድ ግን ካርቶኑን ደግሜ አነበብኩና ሻጯን ልጅ «ይህ ምነው እዚህ ተቀመጠ?» አልኳት። ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አድርጋ ፈገግ አለችና «ኮዱ ነው» አለችኝ። ትሑት ልጅ ናት፤ በእሷ አልፈርድም። ኮድ ከወዴት ይመጣል ብዬ ክሩን ስከተል እናንተ ደጅ ደረስኩ።

ዝርዝራችሁን አየሁት። የእኛ ቀበሌ እንኳ ሕዝቡን በዚህ ጥንቃቄ አልመዘገበም። 031060 ፖለቲካዊ ትሪለር። 031080 ሥነ ልቦናዊ ትሪለር። የወታደር አለ፣ የሐኪም ቤት አለ፣ የሽብር አለ። ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲፈራሩ የሚገቡበት «የቤት ውስጥ ትሪለር»ም አለ። ይህን ለባለቤቴ ብነግራት «እንግዲያው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ኮድ ነዋ የኖርነው» አለችኝ።

ዝርዝሩን እናወጣለን እንጂ ለየመጽሐፉ ኮድ የሚመርጠው አሳታሚው ነው እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ይህን መልስ ተወልጄ ያደግሁበት ነው። መስኮት ሦስት «መስኮት አራት ጠይቅ» ይላል፤ መስኮት አራት ምሳ ወጥቷል።

ወደ ነገሬ ልግባ። ትሪለር የምትሉትን እኛ «ልብ አንጠልጣይ» እንለዋለን። (በእኔ ዕድሜ ላለ የአዲስ አበባ ልጅ ትሪለር መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የማይክል ጃክሰን አልበም ነው፤ ይህን በዘፋኙ በፕሪንስ ከተማ ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ አልናገረውም።) ልብ አንጠልጣይ የሚለው ቃል ከናንተው ይሻላል፤ ውስጡ ውል አለበት። ልብን ከቦታው አንሥቶ ያንጠለጠለ ሰው መልሶ የማውረድ ግዴታ አለበት። በጉርምስናዬ ሠፈራችን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ጭቃ ቤት፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ አግዳሚው ሱሪ የሚቀድ። በሩ ላይ በጠመኔ «ካራቴ»፣ «አክሽን»፣ «የህንድ» ተብሎ ይጻፋል። ምድቡ ይኸው ነው፤ ሦስት። ሳንቲማችንን ከመስጠታችን በፊት ግን ባለቤቱን አንድ ነገር እንጠይቀዋለን፦ «አክተሩ ይሞታል?» አክተር ማለት ለእኛ ተዋናይ ሁሉ ሳይሆን ዋናው ሰው ነው፤ የሚሞት ከሆነ አንገባም። ባለቤቱ ዋሽቶ አክተሩ የሞተ ቀን ገንዘባችን እንዲመለስ ተሟግተን እናውቃለን። ያ ጥያቄ ከቁጥራችሁ ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ልባችን በሰላም እንደሚወርድ ማረጋገጫ ነበርና።

ይህን ውል አክብረው የሚጽፉ ሰዎች እዚሁ ከተማችን ሞልተዋል፤ በእነሱ ቅሬታ የለኝም። ቪንስ ፍሊን የሴንት ፖል ልጅ ነበር። አሳታሚ ሁሉ ሲመልሰው የመጀመሪያ መጽሐፉን በራሱ ገንዘብ አሳትሞ ነው ሚች ራፕን ለመሰለ ገጸ ባሕርይ የበቃው። ጆን ሳንድፎርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ሉካስ ዳቨንፖርት የሚባል ፖሊስ ፈጥሮ፣ እኔ ጥዋት ጥዋት ቡና የምጠጣባቸውን መንገዶች ነፍሰ ገዳይ ሲያሳድድባቸው ኖሯል። ጥሩ ትሪለር ነው። የገረመኝ ሌላ ነው። ሳንድፎርድ የብዕር ስም ነው፤ ሰውዬው ጆን ካምፕ ይባላል፣ የሴንት ፖል ጋዜጠኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የፑሊትዘር ሽልማት የተሰጠው በነፍሰ ገዳይ ታሪክ አይደለም። ዕዳ የብዙ ገበሬዎችን እርሻ ሊነጥቅ በደረሰበት በዚያ ክፉ ዘመን ስለ አንድ የገበሬ ቤተሰብ በጻፈው ተከታታይ ዘገባ ነው። ከባንክ የሚመጣ ፖስታ ሲከፈት የገበሬው ልብ የት እንደነበር አስቡት። ያኛው ግን ኮድ የለውም፤ «ጋዜጠኝነት» ተብሎ ታለፈ።

ቃል እንደ ሰሚው ነው፤ እዚህ ከተማ በረዶ ሲበዛ «የበረዶ አስቸኳይ ጊዜ» ይታወጃል። «አስቸኳይ ጊዜ» የሚል ቃል በሰማን ቁጥር እኔና መሰሎቼ መጀመሪያ የምናደርገው የሰዓት እላፊው ስንት ሰዓት እንደሆነ መጠየቅ ነው። እዚህ ትርጉሙ መኪናህን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት ከዋናው መንገድ አንሣ ማለት ነው። በማግስቱ ከቀሩት መንገዶች ሙሉ ቁጥር ወገን፣ በሠልስቱ ከጎዶሎ ቁጥር ወገን። ጎረቤቴ አሜሪካዊው ያን ማስታወቂያ አይቶ ያዛጋል፤ እኔ መስኮት ላይ ቆሜ መንገዱን እቃኛለሁ። ቃሉ አንድ ነው፤ ከኋላው የቆመው ነገር ግን ለየቅል ነው።

በፊልሙም እንዲሁ ነው። የመርከብ ጠለፋው ፊልም «ካፕቴን ፊሊፕስ» ትሪለር ተብሏል፤ እሺ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚገኘው የብራያን ኮይል ማእከል በፊልሙ የባሕር ወንበዴ ሆነው ለመተወን የሚፈተኑ ሶማሌዎች ሲፈለጉ ከ700 በላይ ሰው መጣ። ያለፉት አራቱም የዚሁ ከተማ ልጆች ናቸው። ባርካድ አብዲ ሊሞዚን ሲነዳ የነበረ ነው፤ የሙያ ባልደረባችን ማለት ነው። እስከ ኦስካር ዕጩነት ደረሰ፣ የእንግሊዞቹን ባፍታም ወሰደ። እናንተ ዘንድ ትሪለር የሆነው፣ በእኛ ሠፈር መጀመሪያ የሥራ ማስታወቂያ ነበር። ካሜራው ከመርከቢቱ ወደ ትንሿ ጀልባ ጠቅልሎ ቢዘዋወር ኖሮ ይኸው ታሪክ ስንት ቁጥር ይሰጠው ነበር? አታውቁትም። እኔም አላውቀውም።

«ፋርጎ»ንስ? የሠሩት የኮን ወንድማማቾች ከሚኒያፖሊስ አፍንጫ ሥር ከሴንት ሉዊስ ፓርክ የወጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ይህ ፊልም ሲጀምር እውነተኛ ታሪክ ነኝ ብሎ ይምላል፤ ፈጠራ ነው። ሕዝቡ ሳቀና ተወው። «ኦሮማይ» ደግሞ ልብ ወለድ ነኝ ብሎ ወጣ፤ መንግሥት እውነት ነህ አለው። ከዋሸው ይልቅ እውነት መሰለ የተባለው ነው የተቀጣው። ይህን ልዩነት የሚይዝ ኮድ በዝርዝራችሁ ፈልጌ አጣሁ።

ስለምን እንደማወራ እንዲገባችሁ፦ በዓሉ ግርማ እዚሁ ጎረቤታችን ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ጋዜጠኛ ነው። በደርግ ጊዜ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ሆኖ፣ በ1974 ዓ.ም. ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ሄደ። ያየውን ልብ ወለድ አደረገው። ጸጋዬ ኃይለማርያም የሚባል ጋዜጠኛ አለ፣ ፊያሜታ ጊላይ የምትባል ቆንጆ አለች፣ ሰላይ አለ፣ ተኩስ አለ፣ ክህደት አለ። እውነት ለመናገር ለትሪለር የሚጎድለው ነገር የለም፤ እኔም በመጀመሪያ ንባቤ ቁጭ ብዬ አነጋሁበት። ያሳተመው ኩራዝ ነው፣ የመንግሥት አሳታሚ። ብዙም ሳይቆይ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከሥራው ተነሣ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. በቮልስዋገኑ ከቤቱ ወጣ። መኪናዋ በደብረ ዘይት መንገድ ተገኘች። እሱ አልተመለሰም። «ኦሮማይ» ከጣሊያንኛ የመጣ የአስመራ ቃል ነው፤ አበቃ፣ አከተመ ማለት ነው።

በቤታችን አንድ ቅጂ ነበር። አባዬ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ለብዶት ነበር፤ በዓሉ ራሱ አንድ ወቅት በዋና አዘጋጅነት በሠራበት ጋዜጣ። በልባዱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በዚያ በተጋደመ የጸሐፊ እጁ «የሒሳብ መልመጃ፣ 4ኛ ክፍል» ብሎ ጽፎበታል። ስለዚህ በእኛ ቤት የ«ኦሮማይ» ምድብ ሒሳብ ነበር። አንድ ጥዋት ታናሽ እህቴ ከሣጥኑ ላይ አግኝታ መልመጃዋ መስሏት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እማዬ በር ላይ ስትፈትሻት አየችው። አልጮኸችም። መጽሐፉን ከቦርሳው አውጥታ ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችና የውጭውን በር ዘጋችው፤ መቀርቀሪያውን ሁለት ጊዜ ስትወረውረው እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እህቴ ያን ቀን ትምህርት ቤት አልሄደችም። ማታ አባዬ ሲመጣ ማንም ምንም አላለም፤ ሽሮው ቀረበ፣ ራዲዮው ተከፈተ። መጽሐፉ ከዚያ በኋላ የት እንደገባ ለዓመታት አላወቅሁም። አባዬም ምድብ መስጠት ይችልበት ነበር፤ ልዩነቱ እናንተ መጽሐፍ እንዲሸጥ ትመድባላችሁ፣ እሱ መጽሐፍ እንዲተርፍ መደበ።

የራሳችንንም ጉድ ልናገር፤ ባልናገር ደብዳቤው ሐሜት ይሆንብኛል። በአዲስ አበባ የፊልም ፖስተር ላይ «ልብ አንጠልጣይ» ያልተባለ ፊልም ማግኘት ዛሬም ከባድ ነው። ልጁ ልጅቷን ወደዳት፣ አባቷ እምቢ አለ፤ ልብ አንጠልጣይ። የቤት ሠራተኛዋ ዕድለኛ ሆነች፤ ልብ አንጠልጣይ ኮሜዲ። እነ ማሞ ውድነህ የስለላ መጻሕፍት እየተረጎሙ፣ እነ ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ልብ ወለድ እየጻፉ ያስከበሩትን ቃል ነው እንዲህ እንደ በርበሬ በየወጡ የበተንነው። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ልብ አንጠልጣይ ቢባል አልከራከርም፤ ተገቢው ነው፤ ያም መጽሐፍ እንዲህ ተባለ ብሎ የተከፋ አንባቢ አላየሁም።

ወደ ምድብ ነገር ልመለስ። አንድ ሰሞን እዚሁ ሚኒያፖሊስ፣ ቺካጎ ጎዳና ላይ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት መደብሮች ነበሩ፤ አንክል ሁጎ የሳይንስ ልብ ወለድ ይሸጣል፣ አንክል ኤድጋር የወንጀልና የምስጢር። አንባቢው በምድቡ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 መጨረሻ፣ ከተማዋ በጆርጅ ፍሎይድ ግድያ በነደደችባቸው ሌሊቶች፣ እሳት ገባባቸው። ሁለቱንም እኩል በላቸው። ኋላ ሌላ ቦታ ተከፍተዋል፤ አሁንም ሁለት ሆነው።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። «ኦሮማይ»ን ከጠረጴዛው ላይ አንሡልኝ አልልም፤ ካርቶኑን አይቶ የገዛው ሰውም አንባቢ ነው፣ ይግዛ። ለእሱ ብላችሁ አዲስ ቁጥር እንድትፈጥሩም አልሻም፤ ቁጥር አላነሳችሁም። አንድ መጽሐፍ ላይ «ትሪለር» ከመለጠፉ በፊት የቪዲዮ ቤቱን ጥያቄ ለአሳታሚው አቅርቡለት፦ አክተሩ ይሞታል? ከዚያ አንድ መስመር ዝቅ ብላችሁ ሁለተኛውን ጨምሩልኝ፦ ደራሲውስ ቤቱ ገብቷል?

መልሳችሁን በፖስታ ላኩልኝ። ሌሊት ስለምሠራ ቀን ስልክ አላነሣም።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሌሊት አንባቢ፣ ሚኒያፖሊስ

ግልባጭ፦
— በሽፋን ላይ ለሚሮጠው ሰውዬ፣ ባለበት
— ለደራሲ በዓሉ ግርማ፣ ከየካቲት 1976 ዓ.ም. ጀምሮ አድራሻው ያልታወቀ