ለእንግዳ የሚወጣ ሄልሜት

ኢትዮጵያ በሥራ ላይ ደኅንነት ወደኋላ ቀርታለች የሚሉ ሰዎች የመሠረት ድንጋይ ሲጣል አይተው አያውቁም። ከአዲስ አበባ እስከ ሰቆጣ ሥርዓቱ አንድ ነው። እንግዳው ከመኪና ሲወርድ ላስቲኩ ገና ያልተላጠ ነጭ ሄልሜት ይቀርብለታል፤ አንጸባራቂ ሰደርያ ይደረብለታል። ከዚያም ከበላዩ ከሰማይ በቀር ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ ቆሞ ሁለት አካፋ ሲሚንቶ ይጨምራል። ሲሚንቶውን ያቦካው የቀን ሠራተኛ ራሱ ባዶ፣ እግሩ ኮንጎ ጫማ ውስጥ ሆኖ ከጎኑ ያጨበጭባል። ካሜራው ሲሄድ ሄልሜቱ ለእንግዳ ብቻ እንደሚወጣ ስኒ ተወልውሎ ወደ ካርቶኑ ይመለሳል። ቁጠባ ነው፤ ሠራተኛው ቢያደርገውማ ይቧጨር ነበር።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ ሕጉ ሞልቷል። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን 155ኛ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ያጸደቀችው በጥር 1983 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ሊወድቅ አራት ወር ሲቀረው። ጦርነቱ እየገፋ በመጣበት ሰዓት እንኳ የግንበኛው ራስ አልተረሳም። ዛሬ የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 92 አሠሪው የመከላከያ ትጥቅ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙን እንዲያስተምር፣ የደረሰውን አደጋ መዝግቦ ለተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያዝዛል።

አሠሪው በቃሉ ያጠናው አንቀጽ ግን 96ኛው ይመስላል። አንቀጹ ሲጀምር አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለጉዳቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ ቀጥሎ ግን ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላመጣው ጉዳት አይጠየቅም ይላል፤ በግልጽ የተሰጠ የደኅንነት መመሪያን አለማክበርም ከዚሁ ይቆጠራል። በቆርቆሮው አጥር ላይ «ሴፍቲ ፈርስት» የሚል ሰሌዳ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ የሚሰቀለው ለምን እንደሆነ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በዋግ ኽምራ ዞን በጋዝጊብላ ወረዳ አፉን በኽምጣና ለፈታ፣ አማርኛን ከትምህርት ቤትና ከገበያ ለለመደ ወጣት ከዚህ የበለጠ ግልጽ መመሪያ ከየት ይመጣል? አንብቦ ካልተረዳ ችግሩ የእሱ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኛው ያነብለታል።

ሰሌዳውን የሚያሰቅለው ሴፍቲ ኦፊሰር ይባላል። ይህ ባለሙያ ሁለት ሕይወት አለው። በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ሲቪው፣ የምስክር ወረቀቱና ፎቶግራፉ በክብር ተያይዘዋል፤ ያለ እሱ ድርጅቱ ነጥብ አያገኝም። ጨረታው ካለፈ በኋላ ሳይቱ ላይ ከተገኘ ደግሞ ሲሚንቶ ሲቆጥር ወይም የሠራተኛ ስም ሲጠራ ይገኛል። ርብራቡ ስለተነቃነቀ ሥራ ይቁም የማለት ሥልጣን አለው፤ ደመወዙን የሚፈርምለት ግን ሥራው ለአንድ ቀን እንዳይቆም የሚጣደፈው የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ነው። ስለዚህ ጥርሱን ነክሶ ቅጹን ይሞላል። «የደረሰ አደጋ፦ የለም።»

ጋዝጊብላ በዚህ ረገድ የታደለ ወረዳ ነው። አብዛኛው ነዋሪ አራሽ ነው። አራሽ አሠሪ የለውም፤ አሠሪ ከሌለ ውል የለም፤ ውል ከሌለ አዋጁ አያውቀውም። አዋጁ የማያውቀው ሰው ገደል ቢገባ ወደቀ ይባላል እንጂ የሥራ አደጋ ደረሰበት አይባልም። በሴፍቲኔት ለሕዝብ ሥራ ወጥቶ፣ በበጋ ፀሐይ ተዳፋት ላይ ድንጋይ እየፈነቀለ እርከን የሚክበው ገበሬም ቢሆን ተጠቃሚ ተብሎ ተመዝግቧል። ተጠቃሚ ሰው ምን ይጎዳዋል? ድንጋዩ ከላይ ተንከባሎ ጣቱን ቢጨፈልቀው ወገሻ አለ፣ ጠበል አለ።

ከዋግ ደጋ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ነገርማ የሒሳብ ድንቅ ነው። ማታ ሜዳ ላይ ይተኛል፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ትነክሰዋለች። በሽታው ወዲያው አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር አድፍጦ ይቆያል። አጨዳው አልቆ፣ ሒሳቡ ተዘግቶ፣ ሰውየው አገሩ ገብቶ ትኩሳቱ ሲያነሳሳው፣ ሆዱ ሲነፋ፣ ሰውነቱ ሲከሳ የእርሻው መዝገብ ንጹሕ ነው። ሕመሙ የጋዝጊብላ ሆነ። ካልታከመ ይገድላል፤ ሞቱም የጋዝጊብላ ይሆናል። አንድ ባለእርሻ ያለ አጎበርና ያለ መጠለያ ዜሮ አደጋ የሚያስመዘግበው እንዲህ ነው።

ሩቅ ሳይኬድ፣ በደቡብ ወሎ ደላንታም ዘዴው ይሠራል። በወረዳው ከተማ በወገል ጤና ስም የሚጠራው ኦፓል በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከታወቀ ወዲህ ድንጋዩ ባሕር ተሻግሮ የቀለበት ፈርጥ ሆኗል፤ የሚያወጡት ወጣቶች ግን ገደል ሥር በዶማና በመዶሻ ዋሻ እየቆፈሩ ነው የሚገቡት። በ2016 ዓ.ም. ጥር ማብቂያ ላይ ዋሻው ተደርምሶ 20 ያህሉ ላይ ተዘጋባቸው። ኦፓሉ ላኪ አለው፣ ገዢ አለው፣ ግብር አለው። ቆፋሪው ብቻ አሠሪ አልተገኘለትም።

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ አረርቲ ደግሞ በማርያም በዓል ማለዳ የቤተ ክርስቲያኑ ግንባታ የእንጨት ርብራብ ሕዝብ እንደተሰበሰበ ተደረመሰ። የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን የሟቾችን ቁጥር ቢያንስ 36፣ የቁስለኞቹን ከ200 በላይ አደረሱት። የመንግሥት የሐዘን መግለጫ ፈጥኖ ወጣ፤ በግንባታ ሥራ ለደኅንነት ቅድሚያ መሰጠት እንዳለበትም አሳሰበ። ማንም አይቃወምም። ቅድሚያው ከቀብሩ በኋላ መድረሱ ብቻ ነው የሚያስገርመው። ርብራቡ ስንት ሰው እንደሚሸከም ማን አሰላው፣ በዓል መሆኑ እየታወቀ ሕዝቡ እንዳይጠጋ ማን አጠረው የሚለው ጥያቄ ማሳሰቢያ አያስፈልገውም፤ ስም ነው የሚያስፈልገው።

ስም ሲጠየቅ የሚመጣው መልስ ግን የታወቀ ነው፦ የግንዛቤ ማነስ። በግንዛቤ ማነስ የሚታማው ደግሞ ሁልጊዜ የወደቀው ሰው ነው፤ ያቆመው ሰው ግንዛቤ አንሶት አያውቅም። ጥበቡ የአገር ውስጥ ግኝት እንዳይመስል፣ አሜሪካዊው የመድን ድርጅት ባለሙያ ሄርበርት ሃይንሪች እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ ከመቶ አደጋ 88ቱ በሠራተኛው አደገኛ አድራጎት የመጣ ነው ብሎ ነበር። መረጃው በአመዛኙ የተቀዳው አለቆች ከሞሉት የአደጋ ሪፖርት ነው። አለቃው ብዕሩን ይዞ ጥፋተኛ ፈልግ ሲባል 88 መድረሱም ትሕትና ነው።

ንጹሕ መዝገብ ምን እንደሚያስገኝ ለማየት ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ መሻገር ይበቃል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2010 ዲፕወተር ሆራይዘን የተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ ሲፈነዳ 11 ሠራተኞች ሞቱ። በዚያው ዕለት ኃላፊዎች መቆፈሪያው ላይ ነበሩ፤ ከጉብኝታቸው ምክንያቶች አንዱ ሰባት ዓመት ያለ ከባድ አደጋ መቆየቱን ማመስገን ነበር። ባለቤቱ ትራንስኦሽን በዓመቱ ማብቂያ ቁጥሩን ደማምሮ ዓመቱን በደኅንነት ከታሪኩ ሁሉ የላቀ አድርጎ ለኃላፊዎቹ ጉርሻ ከፈለ። ቁጣው ሲበረታ የደኅንነቱን ጉርሻ ለሟች ቤተሰቦች ሰጡ።

ሙያውን በእውነት የተማረ ሰው ሄልሜትን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። መጀመሪያ አደጋውን አስወግድ፤ ካልቻልክ በሌላ ተካ፤ ካልቻልክ ከሰው ለየው፤ ከዚያ አሠራሩን አስተካክል፤ ይህ ሁሉ ሲያልቅ ትጥቅ አልብስ ይላል ትምህርቱ። እዚህ ከመጨረሻው ተጀምሮ እዚያው ይታደራል፤ ሄልሜት ፎቶግራፍ ላይ ይታያል፣ በሰያፍ የተመታ ማገር ግን አይታይም።

ስለዚህ ለመጪው ሚያዝያ 20፣ የዓለም የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት ቀን ለሚከበርበት ዕለት፣ አንድ ሐሳብ ይቅረብ። ስብሰባው ከሆቴል አዳራሽ ወጥቶ በጋዝጊብላዋ ከተማ በአስከተማ በሚሠራ ሕንፃ፣ በሦስተኛው ወለል የባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ ይደረግ። ባነሩም፣ ፓወር ፖይንቱም፣ የሻይ ዕረፍቱም እዚያው ይሁን፤ አበሉም ለሚወጣ ብቻ ይከፈል። የዞኑም የክልሉም ተጋባዦች ተራ በተራ ይውጡ። ዋዜማውን ማታ በባትሪ ብርሃን ሚስማር ሲመታ፣ ሰያፍ ማገር ሲጨመር፣ ዳር መከለያ ሲታሰር፣ የበሰበሰው እንጨት ሲቀየር ይታደራል። ወጪው ከአንድ ቀን አበል እንደማይበልጥ ግንበኞቹ ያውቃሉ፤ ጠይቆአቸው የሚያውቅ ግን የለም።