ወተት የሚጠጣበት ጾም፦ ከፑኔ ለቤተሰብ የተላከ ደብዳቤ

ፑኔ፣ ሕንድ

ለተከበሩ አባት፣ ለተከበሩ እናት፣ ለአክስቶችና ለመላው የቤቱ ሰው

ጉዳዩ፦ ስለ ሕንድ አገር ልማድና ሥርዓት የተጠየቀውን ማብራሪያ ስለ ማቅረብ

ከባሕር ማዶ ወደ ቤት የሚላክ ደብዳቤ እንደ ልማዱ የቤተሰቡን ጤንነት ይጠይቃል፣ ስለ ብርዱ ያማርራል፣ በመጨረሻም በርበሬ እንዲላክ ለምኖ ይሰናበታል። ይህኛው ግን ከልማዱ መውጣት ግድ ሆኖበታል፤ በምዕራብ ሕንድ በማሃራሽትራ ግዛት የምትገኘው ፑኔ ለማማረር የሚበቃ ብርድ የሌላት ከተማ ስትሆን፣ አባትም «የተማረ ልጅ እንደ መጽሐፍ በሥርዓት ይጽፋል እንጂ እንደ ቡና ወሬ አይዘበዝብም» ብለው ስላዘዙ፣ ለትምህርት የተላከው ልጅ ከዚህ በኋላ «ተጓዡ» እየተባለ ይጠቀሳል። የተጓዡ ጤንነት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ መልካም ነው።

ወደ ሕንድ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ከመነሳቱ በፊት በፊልም ባየው መጠን ለዝሆኑ፣ ለዘፈኑና በአንድ ቡጢ አሥር ሰው ለሚጥለው ጀግና ራሱን አዘጋጅቶ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ሰው ፈጽሞ የማያውቀውን ነገር ሲያይ ቆሞ ስለሚጠይቅ፣ እንግዳ ነገር እምብዛም አያሳስተውም፤ የሚያሳስተው የአገር ቤቱን የሚመስለው ነገር ነው፤ ይህንንማ አውቀዋለሁ ብሎ ሳይጠይቅ ይገባበታልና።

ለዚህ ቅርብ የሆነው ማስረጃ የራስ ንቅናቄ ነው። ሕንዳዊ መስማማቱን፣ መስማቱን ወይም ነገሩ ችግር እንደሌለው ለመግለጽ ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትከሻው ዘንበል ዘንበል ሲያደርግ፣ አዲስ የመጣ ሐበሻ እምቢ የተባለ መስሎት ሒሳቡን ሳይከፍል ሊወጣ ይነሳል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብዙ ሕንዳውያን መምህራን ያስተምሩ ስለ ነበር፣ አባትና እኩዮቻቸው ይህን ምልክት ከሒሳብ ትምህርት ጋር አብረው ተምረውታል፤ የአሁኑ ትውልድ ግን ያለ ዝግጅት ይደርስበታል። በአንጻሩ ሐበሻ «አዎ» ለማለት ትንፋሹን ባጭሩ ወደ ውስጥ ሲስብ፣ ይህን ልማድ የማያውቅ የፑኔ ባለሱቅ ደንበኛው የታመመ መስሎት ወንበር ይስባል። በዚህ አኳኋን ሁለት ሰዎች በነገሩ ፍጹም ተስማምተው ሳለ አንዱ እንደ ተከለከለ፣ ሌላው እንደ ደነገጠ ሆነው ይለያያሉ።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያዊ በሄደበት ሁሉ የአገሩ ዘመን ከፈረንጆቹ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መሆኑን ተናግሮ ሰውን ማስደነቅ የለመደ ሲሆን፣ በሕንድ ግን የሚደነቅለት አያገኝም። የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1957 ከጎርጎርዮሳዊው ጎን እንዲሠራበት የተቀበለው የሻካ ዘመን ከፈረንጆቹ 78 ዓመት ወደ ኋላ የሚቆጥር ሲሆን፣ ቪክራም ሳምቫት የተባለው ሌላው ዘመን ደግሞ 57 ዓመት ገደማ ወደ ፊት ይቆጥራል፤ ሁለቱም በአንድ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ተጎራብተው ይታተማሉ። ሰዓቱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ሕንድ ከኢትዮጵያ በሁለት ሰዓት ተኩል የምትቀድም ስለ ሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን በተጓዡ ሰዓት ላይ 12 ከ30 ይነበባል። ይህም እኩለ ሌሊት ያለፈበት እንጂ፣ እናት እንደሚያስቡት ገና ጀምበር ያላዘቀዘቀችበት ጊዜ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ሰፊ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ግን የጾም ጉዳይ ነው። እናት «ሕንዶች ሥጋ አይበሉም ይባላልና ለጾም ይመችሃል» ብለው መርቀው የሸኙት ከመልካም ልብ ቢሆንም፣ ምክሩ ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛ፣ ሥጋ የሚበላ ሕንዳዊ ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ ሥጋ የማይበላው ወተትንና ቅቤን እንደ ፍስክ አይቆጥራቸውም፤ የታሸገ ምግብ ሥጋና እንቁላል እንደሌለበት ለማሳወቅ በሕግ የሚታተምበት አረንጓዴ ነጥብ በቅቤና በአይብ ማሸጊያ ላይ ሳይቀር ይገኛል። ጾመኛው ሐበሻ ነጥቧን አይቶ ደስ እያለው ያዘዘው ስፒናች ሲቀርብለት፣ ፓኒር የሚባለው አይብ በየጉርሻው ተቆራርጦ ይጠብቀዋል።

ይህ የዘወትሩ ምግብ ሲሆን፣ የጾሙ ቀን ደግሞ ነገሩን ፈጽሞ ይገለብጠዋል። ኤካዳሺ ማለት በጨረቃ ወር ውስጥ ጨረቃዋ ስትሞላና ስትጎድል በአሥራ አንደኛው ዕለት፣ በጠቅላላው በወር ሁለት ጊዜ የሚውል፣ ቪሽኑ ለተባለው አምላክ የሚጾም ጾም ነው፤ በዚህ ዕለት ጾመኞቹ እህልና ጥራጥሬ አይቀምሱም፣ ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤና ፍራፍሬ ግን ይፈቀድላቸዋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሥርዓት በረቡዕና በዓርብ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሚከለከሉት ወተትና ቅቤ ሲሆኑ፣ ጾመኛውን የሚያቆሙት ምስርና ሽምብራ ናቸው። እንግዲህ የተጓዡ የቤት አከራይ የሚጾሙት ኤካዳሺ ረቡዕ ላይ በዋለ ጊዜ የተጓዡ ሽሮ የአከራይቱን ጾም፣ የአከራይቱም እርጎ የተጓዡን ጾም ያፈርሳል፤ ሁለት አጥባቂ ጾመኞች በአንድ ወጥ ቤት ቆመው «ይህ ሰው ደግሞ ምኑን ጾመ?» በሚል አስተያየት በአዘኔታ ይተያያሉ።

ሁለቱን ጾም ያስታረቀው ሳቡዳና ኪቻዲ የተባለው የማሃራሽትራ የጾም ምግብ ነው። ሳቡዳና ከካሳቫ ዱቄት የሚዘጋጅ፣ የስንዴ ፍሬ የሚያህል ክብና ነጭ እንክብል ሲሆን፣ ውሃ ጠጥቶ እንዲለሰልስ ካደረ በኋላ በድንች፣ በተወቀጠ ኦቾሎኒና በቃሪያ ተጠብሶ ይቀርባል። እህል ስለሌለበት የአከራይቱን ሕግ አይነካም፤ በቅቤ ፈንታ በዘይት ከተሠራም የተጓዡን አይነካም፤ ሁለቱም ጾመናል ብለው እስኪጠግቡ ይበሉታል። በኤካዳሺ ሰው እጥፍ ይበላል እያሉ የሚቀልዱት የማራቲ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ የእኛን የጾም በየዓይነቱ ያየ ሰው በዚህ ቀልድ ሊፈርድባቸው አይችልም። በክረምት የሚውለውና ከሁሉ የከበረው ኤካዳሺ ደግሞ ዋርካሪ የሚባሉትን ተሳላሚዎች የቅዱሳኑን የዲንያኔሽዋርንና የቱካራምን ጫማ ምስል በሠረገላ አስይዞ፣ በፑኔ በኩል አሳልፎ እስከ ፓንዳርፑር በእግር የሚያስጉዝ ታላቅ ንግሥ ስለ ሆነ፣ ቁልቢ በእግራቸው የሄዱት አክስት ቢያዩት አይገርማቸውም።

በማዕድ ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ሕንዶች እንደ እኛው ታጥበው በቀኝ እጃቸው ይበላሉና፣ ሐበሻው ቤቱ የገባ መስሎት ለጎረቤቱ ሊያጎርስ እጁን ይዘረጋል። ነገር ግን የሰው አፍ ወይም የሚበላበት እጅ የነካው ምግብ በማራቲ ቋንቋ ኡሽታ ተብሎ ለሌላ ሰው የማይሰጥ ስለ ሆነ፣ ሌላው ቀርቶ ብዙዎች ከጋራ የውሃ ጠርሙስ ሲጠጡ ከንፈራቸውን ሳያስነኩ ከላይ ያንቆረቁሩታል። ጉርሻ ጨርሶ የለም ማለት ግን አይደለም፤ ለደስታ ቀን ተቀምጧል። ፈተና ያለፈ ሰው ባለበት ቤት፣ ወተት እስኪጠጥር ፈልቶ በስኳር የሚሠራው ፔዳ የተባለው ጣፋጭ በገዛ እጅ ለእንግዳው አፍ ይደርሳል። ተጓዡ ፈተናውን ባለፈበት ዕለት አከራይቱ ይህንኑ ክብር ያደረጉለት ሲሆን፣ ዕለቱ ዓርብ መሆኑን ለማስረዳት አፉ ባዶ አልነበረም።

አክስቶች በየስልኩ «እዚያ የእኛ ሰው አለ ወይ?» እያሉ ስለሚጠይቁ፣ ለዚህም በቂ መልስ ይሰጣል። የመጀመሪያው የአገር ልጅ ቡና ነው። ትውፊቱ እንደሚለው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባባ ቡዳን የተባለ የሱፊ መምህር ከሐጅ ሲመለስ ሰባት የቡና ፍሬ ከየመን ደብቆ አምጥቶ፣ ዛሬ በስሙ በሚጠሩት በካርናታካ ተራሮች ላይ ተክሏል። ስደት ግን ጠባይ ይለውጣልና፣ በደቡብ ሕንዶች ምግብ ቤት የሚቀርበው ቡና ቺኮሪ ከሚባል የተቆላ ሥር ተቀላቅሎ፣ በወተትና በስኳር ታጅቦ፣ ከብረት ኩባያ ወደ ብረት ሳሕን እየተገለበጠ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ይንገላታል፤ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሰው ሳያጫውት አንድ ጊዜ ተጠጥቶ ያልቃል።

ሁለተኛው ማሊክ አምባር ነው። እ.ኤ.አ. በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በባርነት ተሸጦ፣ በባግዳድ በኩል ደካን ወደ ተባለው የሕንድ ደጋ የደረሰው ይህ ሰው የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ እስከ መሆን ደርሶ፣ በ1610 ኋላ አውራንጋባድ የተባለችውን ከተማ ቆርቁሯል። የሞጎሉ ንጉሥ ጃሃንጊር እስከ መጨረሻው ሊያንበረክከው ስላልቻለ፣ የአምባርን ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠርቶ ተጽናንቷል፤ አምባር ግን እስከ 1626 ኖሮ በአልጋው ላይ ሞተ። ምስጢሩም ከአገሬው መማሩ ነበር፤ ገደሉንና ሸለቆውን የሚያውቁትን የማራታ ፈረሰኞች አሰልፎ፣ በእነርሱው የደፈጣ ስልት ትልቁን ጦር አደከመ። ሕንድን ቀድሞ ከሚያውቀው ነገር ጋር እያመሳሰለ ሳይሆን እየጠየቀ የገባ ሐበሻ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ከዚህ በላይ በተዘረዘረው ምክንያት ተጓዡ የሚከተለውን በትሕትና ይጠይቃል፦ ሽምብራና ምስር አገሩን ስለ ሞሉት እንዳይላኩ፣ በእነርሱ ፈንታ ያልተቆላ ቡናና በርበሬ እንዲላኩ፣ ስልክ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ እንዳይደወል፣ ሲደወልም በስልኩ ምስል ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ቢታይ «ልጃችን እምቢ ማለት ጀመረ» ተብሎ እንዳይታዘንበት።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ተጓዡ

ግልባጭ፦
ለአጎትና ለአክስቶች በሙሉ
ለንስሐ አባት (ስለ ፔዳ የሚናገረው ክፍል ተቀንሶ)