ባትሪው ነው!

አሮጌ መኪና ያለው ሰው መካኒክ አጥቶ አያውቅም። ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ የቀረውን ሰፈሩ ይጨርሰዋል።

የእኔዋ ቮልስ በፈረንጆቹ 1972 የተሠራች ናት፤ በእኛ 1964 ገደማ፣ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ። ደርግን በዕድሜ የምትበልጥ ወይዘሮ በውርጭ ጠዋት «ዛሬስ አልነሳም» ብትል አይፈረድባትም። እኔን የሚያስቸግረኝ የሐኪሞቿ ብዛት ነው። ሁሉም መድኃኒት ያዝላታል፤ የት ላይ ነው የሚያምሽ ብሎ የሚጠይቃት ግን የለም።

የከተራ ዕለት ጠዋት ቁልፉን አዞርኩ። ኽርር ኽርር ኽርር አለች፤ ሞተሯ በደንብ ይዞራል፣ እሳት ግን አይዝም። ገና ቁልፉን ሳልለቅ የግቢው ጥበቃ ከበሩ ሆኖ ፈረደ፦ «ባትሪው ነው!»

ለዚህ ሰው ሁሉም ነገር ባትሪው ነው። ጎማ ተንፍሶብኝ እንኳ ባትሪውን ማሳየቴን ጠይቆኛል። መጥቶ የኋላውን ኮፈን ከፈተ፤ ከሞተሩ ግራና ቀኝ ፈለገና ፊቱ ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ ባትሪህን ሰርቀውሃል!» አለኝ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር መሆኑን ስነግረው ቀልድ መሰለው።

ሊስትሮው «ካንዴላ ነው» አለ። ስልኩን እየነካካ የሚያልፍ አንድ ወጣት ሳይቆም «ሞተሪኖው ይቀየር፤ ሶማሌ ተራ ሰው አለኝ» ብሎ ሄደ። ሞተሩን ሲያዞረው የነበረው ሞተሪኖው መሆኑን ልነግረው ስል ታጥፎ ነበር። ጡረተኛው ሻምበል ጋቢያቸውን እንደለበሱ ወጡና ክርክሩን በትእዛዝ ዘጉት፦ «ግፉ! ሁለተኛ ማርሽ!»

ተገፋን። እስከ ታችኛው ሱቅ ድረስ ተገፋን። ግፊ የደከመ ባትሪን ወይም የማይሠራ ሞተሪኖን ያካክሳል፤ እሳት ለጠፋበት ሞተር ግን ምንም አይፈይድም፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ይጨምርለታል እንጂ። ይህን የተረዳነው ቁልቁለቱ ካለቀ በኋላ ነው። ሽቅብ ለመግፋት ፈቃደኛ የሚሆን ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ያንሳል።

ቡና የሚያፈሉት እትዬ ከረከቦታቸው ሳይነሱ፣ «ዓይን ነው» አሉ። «ትናንት ላቫጆ አስገብተህ እንዲያ ስታበራ ያላያት አለ? ሰው በላት!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

በመጨረሻ የተጠሩት ሽማግሌው መካኒካችን መጡ። እኚህ ሰው አመላቸው ከባድ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠቀሙት መሣሪያ «ዝም በሉ!» ነው። ጸጥ ሲባል የፊት መብራቱን አስበሩኝና «አስነሳ» አሉ። ሞተሩ ሲዞር መብራቱ ጥቂት ቀነስ አለ እንጂ አልጠፋም። «ባትሪው ደኅና ነው፤ ገመዱም ደኅና ነው» ሲሉ ጥበቃው ወደ በሩ ተመለሰ። ቁልፉ ሲዞር ጠቅ ብላ መብራቱ ቢሞት ኖሮ ባትሪውን ወይም የዛገውን ጫፉን እንጠረጥር ነበር፤ ጠቅ ብላም መብራቱ ፏ እንዳለ ቢቀር፣ ያኔ ሞተሪኖው ይከሰስ ነበር። ይህን ለማወቅ ካቻቢቴ እንኳ አያስፈልግም። ስንት ደኅና ባትሪ ግን በዚች ከተማ ያለ ኃጢአቱ ተሽጧል!

ቀጥለው አንድ ካንዴላ ፈቱ። ጠቆር ብሏል፤ በዚህ አልተገረሙም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና አየሯ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። የፈለጉት ሌላ ነበር። አሸተቱት፤ እርጥብ ነው፣ ቤንዚን ይሸታል። «ነዳጅ እየደረሰ ነው። የጠፋው እሳት ነው።»

ካንዴላውን ከገመዱ ጋር አገናኝተው ማሳ፣ ማለትም የሞተሩን ብረት፣ የሚያስነካ ሰው ጠየቁ። ሻምበል «እኔ!» አሉና በባዶ እጃቸው ያዙት። መካኒኩ ቀስ ብለው፣ «ጌታዬ፣ እሳት ካለ ከአሥር ሺህ ቮልት በላይ ነው» አሏቸው። ሻምበል ካንዴላውን ለሊስትሮው ሰጡት፤ ሊስትሮው ለእኔ። እኔ በእንጨት እጀታ ፒንሳ ያዝኩት። ሞተሩ ዞረ፤ ብልጭታ የለም።

ከዚያ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ሲያነሱ ውስጡ ጤዛ አርግዟል። ላቫጆዎቹ ሞተሩንም በግፊት ውሃ አጥበውት ኖሯል። ወደ ቤት ስነዳ ውሃው በሙቀቱ ተነነ፤ ሌሊት ሲበርድ እንፋሎቱ ክዳኑ ውስጥ ውሃ ሆኖ አደረ። እሳቱም ወደ ካንዴላ መሄዱን ትቶ በእርጥበቱ ላይ ሾልኮ ይጠፋል። መካኒኩ በንጹሕ ጨርቅ አደረቁት፤ እግረ መንገዳቸውን የፑንቲናውን ክፍተት ከሲጋራ ፓኮ በተቀደደች ካርቶን ለኩት። የመኪናዋ መጽሐፍ 0.4 ሚሊ ሜትር ይላል፤ ካርቶኗም አልተቃወመችም።

ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች።

«ምን ሆና ነው?» ብለው ጠየቁ እትዬ ከረከቦታቸው።

«ትናንት መታጠቧ ነው» አሉ መካኒኩ።

እትዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡና ዙሪያውን ቃኙ። «አላልኩም? ሐኪም ሳትጠሩ እኔን ብትሰሙኝ ኖሮ…» ካሉ በኋላ ወደ መካኒኩ ዞሩ፦ «ለመሆኑ አንተ ለዚህ ስንት ነው የምታስከፍለው?»