ቡታጅራ ላይ ቶሮብሬድ ለመግዛት ለቆረጡ

ቡታጅራ ወይም ወልቂጤ ከብት ተራ ወርደው ቶሮብሬድ ፈረስ ሊገዙ ቆርጠዋል አሉ። እግዜር ያሳካልዎ። ምክሬን ግን ሰምተው ይሂዱ።

ቶሮብሬድ እንግሊዞች ለእሽቅድምድም ያራቡት ፈረስ ነው። ዛሬ በዓለም ያለው ሁሉ በአባቱ በኩል የሚመዘዘው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ18ኛው መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ ከገቡ ሦስት ድንጉላዎች ነው። የዘር መዝገቡ በ1791 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ እስካሁን ይጻፍበታል። አባትና እናቱ እዚያ ወይም እሱን በመሰለ የታወቀ መዝገብ ያልሰፈሩ ፈረስ እንደ ንፋስ ቢበርም ቶሮብሬድ አይባልም። በሰው ሠራሽ ዘዴ የተዳቀለ እንኳ አይመዘገብም፤ ድንጉላውና ባዝራዋ በአካል መገናኘት አለባቸው።

ስለዚህ ደላላው «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ንጹሕ ዘር ነው» ሲልዎ መዝገቡን በትሕትና ይጠይቁ። መዝገብ የለም፤ ወሬ ግን ሞልቷል። የፈረሱ ቅድመ አያት አድዋ ላይ ደጃዝማች ባልቻን ተሸክሞ እንደዋለ ሊተርክልዎ ይችላል። አይከራከሩት፤ ባልቻ አባ ነፍሶ ከጉራጌ ምድር የተገኙ ጀግና ናቸውና ታሪኩ ያምራል። ከ1888 ዓ.ም. ወዲህ ያሉትን ባዝራዎች ብቻ በየስማቸው እንዲቆጥርልዎ ይለምኑት። ሳያመነታ ከቆጠረ ፈረሱን ትተው ሰውየውን ይቅጠሩ።

ቁመትም ይለኩ። ቶሮብሬድ እስከ ጫንቃው 1 ሜትር ከ60 ገደማ ነው፤ ያገራችን ፈረስ በአብዛኛው ከ1 ሜትር ከ40 አይዘልም። «ገና ያድጋል» ከተባሉ አፉን ይክፈቱ፤ የፈረሱን ማለቴ ነው። አምስት ዓመት ሲሞላው የፊት ጥርሶቹ ተቀይረው ያልቃሉ፤ እያረጀ ሲሄድ ደግሞ እየረዘሙ ወደ ፊት ያዘነብላሉ። ጥርሱ ከከንፈሩ ቀድሞ ሰላም ካለዎት፣ ያድጋል የተባለው ጥርሱ ነው።

ጀርባው ላይ ያሉትን ነጫጭ ነጥቦች የትልቅ ዘር ምልክት ናቸው ብለው ያስረዱዎታል። ኮርቻ ወይም የጋሪ ዕቃ የላጠው ቆዳ ሲድን ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል፤ ነጥቡ የበዛበት ፈረስ እንግዲህ ብዙ ሲሚንቶ ያመላለሰ ነው። አንገቱና እግሩ ላይ በመስመር የተደረደረ እብጠት ካዩ ግን ቀልዱ ይቁም፦ የጋሪ ፈረሶችን የሚያሠቃየው፣ በፈንገስ የሚመጣው ተላላፊ በሽታ ሊሆን ይችላል። የእንስሳት ሐኪም ሳያየው አንድ ብር እንዳይከፍሉ።

ሩጫውን አስፋልት ላይ አይሞክሩ። ጉራጌ ጀፎረ አለው፤ መንደሩን ግራና ቀኝ አሰልፎ የሚያልፈው ያ ሰፊ የሣር ጎዳና ለለቅሶም፣ ለመስቀልም፣ ለፈረስ ጉግስም ይሆናል። እዚያ ያስጋልቡት። ኮቴው ጠንካራ፣ ትንፋሹ የማይቆራረጥ የደጋ ዳማ ከወጣልዎ እንግሊዝ ባይመዘግበውም ይግዙት። ጭድ በልቶ ዳገት የሚወጣ ፈረስ እነሱም የላቸውም።

ቀሪውን ብር ከመቁጠርዎ በፊት ግን ልጓሙን ይዘው በቡታጅራ ጋሪ ተራ በኩል ያሳልፉት። ባለጋሪዎቹ በስንት እንደገዙት ከጠየቁ ደግ ነው። ፈረሱን በስሙ ጠርተው «የት ጠፋህ?» ካሉት ግን ሮጠው ቀብድዎን ያስመልሱ።