ሁለት ጥበቃዎች

ባለፈው ሰሞን ከአንድ ወዳጄ ጋር ቡና ልንጠጣ ተቀጣጥረን ነበር። ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ በስልክ አንዲት አጭር የእንግሊዝኛ መልእክት ላከልኝ፤ «አይ አም ኤክስፔክቲንግ»። «እየጠበቅኩህ ነው» ማለቱ ነው። ባለቋንቋዎቹ ግን ማንን እንደሚጠብቁ ሳይጨምሩ እንዲህ በደፈናው ሲሉ «ነፍሰ ጡር ነኝ» ማለታቸው ነው። ካፌው ስደርስ ወዳጄ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ቦርጩን በሁለት እጁ ደገፍ አድርጎ ተቀምጧል። ስህተቱን ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ቦርጩን ላየ ሰው መልእክቱ እንከን አልነበረበትም፤ ስንተኛ ወሩ እንደሆነ መጥቀስ ብቻ ነው የቀረው።

አይፈረድበትም። አማርኛችን «ጠበቀ» በምትል አንዲት ግስ ስንቱን ትሸከማለች! ታክሲ እንጠብቃለን፤ እረኛው ከብት ይጠብቃል፤ ከልጃችን ጥሩ ውጤት እንጠብቃለን፤ ስንለያይ ደግሞ «እግዜር ይጠብቅህ» እንባባላለን። እንግሊዝኛ ግን ለየጉዳዩ ለየት ያለ ቃል ይጠይቃል። ቆሞ መጠበቅ «ዌይት» ነው፤ ይመጣል ብሎ መገመት «ኤክስፔክት»፤ በመጣልኝ ብሎ መመኘት «ሆፕ»። ልዩነቱ ላልገባው ተማሪ መዝገበ ቃላት መግዛት አያስፈልግም፤ ማታ የታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ይበቃዋል። ሲሰለፍ ኤክስፔክት ያደርጋል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሆፕ ያደርጋል፤ አንድ ሰዓት ሲሞላው ዌይት ብቻ ይቀረዋል።

ቃላቱ ተለይተው ቢታወቁ እንኳ ጸባያቸው አስቸጋሪ ነው። «ዌይት» የሚጠብቀውን ሰው ለመጥራት «ፎር» የምትባል ምርኩዝ ይፈልጋል፤ ዘመዱ «አዌይት» ያለ ምርኩዝ ይሄዳል። «ዌይት ሚ!» እያልን ከጓደኞቻችን ኋላ ስንሮጥ ያደግን ሁሉ በልጅነታችን ምርኩዙን ጥለን ነበር የምንሮጠው። «ኤክስፔክት» ደግሞ «ኤክሴፕት» የሚባል አሳሳች ጎረቤት አለው። ሁለት ፊደላት ቦታ ከተለዋወጡ «አንተን እጠብቃለሁ» ሊል የተነሳ ሰው «ከአንተ በቀር» ብሎ ቁጭ ይላል። በእንዲህ ያለ የሠርግ ጥሪ የተጠራ ሰው ቢቀር ማን ይወቅሰዋል?

የሥራ ማመልከቻ መዝጊያውንስ ማን ይረሳዋል? «ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ»። ቃል በቃል ብንመልሰው አመልካቹ ከመሥሪያ ቤቱ ድምፅ ለመስማት ወደ ፊት ለፊቱ እያየ ነው። እኛ ይህንኑ «በጉጉት እጠብቃለሁ» እንላለን። ጉጉት ደግሞ ዓይኗን አፍጥጣ የምታነጋ ወፍ ናት። ሃያ ማመልከቻ ልኮ ሌሊቱን ስልኩ ላይ ላፈጠጠ ምሩቅ፣ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ አማርኛው ይቀርበዋል።

የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው «ኤክስፔክት» በሚለው ቃል ከመታለል አላመለጡም። ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1861 በየሳምንቱ እየቆነጠረ ላወጣው ልብ ወለድ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» የሚል ርዕስ ሰጠው። በዚያ ዘመን «ኤክስፔክቴሽንስ» ማለት ገና እጅ ያልገባ፣ ግን ይመጣል የተባለ ሀብትና ውርስም ነበር። ፒፕ የተባለው ልጅ ሀብቱን ማን እንደሚልክለት በራሱ ግምት ወስኖ፣ በዚያው ግምት ጌታ ሆኖ፣ ዕዳ ውስጥ ይዘፈቃል። ዲከንስ ብዙ ገጽ የፈጀበትን ጉዳይ የእኛ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ ዘግቶታል።

ይህን የመሰለ ተረት ያለን ሰዎች ታዲያ ዛሬ የእንግሊዝኛ ቃላት ተውሰን ምን ሠራንባቸው? መጠበቃችንን አስጌጥንባቸው። «ጉዳይህ ከምን ደረሰ?» ሲባል «ፋይሌ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል» የሚል የለም። «ፕሮሰስ ላይ ነው» ይላል። ፋይሉ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ስሙ ብቻ ተንቀሳቅሷል። ወራት ሲያልፉ «ፔንዲንግ» ይሆናል። ቪዛ የሚጠብቅ ጎረቤቴማ ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ብሎ ይመልሳል፤ ሰሚውም ጥሩ መሥሪያ ቤት ነው ብሎ አንገቱን ይነቀንቃል።

እኔም በቀደም ለአንዲት ፊርማ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። «አሁን ይመጣሉ» ተብዬ ኤክስፔክት ሳደርግ ቆየሁ፤ ረፋዱ ላይ ወደ ሆፕ ተዛወርኩ፤ ከምሳ በኋላ በሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ ምን እየጠበቅህ ነው?» አሉኝ።

«ፊርማ። እርስዎስ አባባ?»

«እኔማ በር ነዋ!»

ሳስበው እንግሊዞቹም እዚህ ላይ ከእኛ አይርቁም። «ዌይት» የሚሉት ቃል ከኖርማኖቹ ፈረንሳይኛ የወሰዱት ሲሆን መነሻው ነቅቶ መጠበቅ፣ ዘብ መቆም ነበር። ሽማግሌውና እኔ በሁለቱም ቋንቋ የሥራ ባልደረቦች ነን ማለት ነው። ይህንኑ ብነግራቸው ትንሽ አሰቡና፣ «ደሞዝህ ስንት ነው ታዲያ?» አሉኝ።

መልስ ሳልሰጣቸው ፈራሚው ከውስጥ ብቅ አሉ። ብድግ አልኩ። ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ የመኪና ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ በአጠገቤ እያለፉ «መጣሁ» አሉኝ። ይህ ቃል በእኛ ዘንድ ወጥቶ ለሚሄድ ሰው እንደሚያገለግል ለየትኛው እንግሊዝ ይተረጎማል?

ጥበቃው በሩን ከፈቱላቸው። እኔም ወደ አግዳሚዬ፣ ወደ ጥበቃዬ ተመለስኩ።